ከፑዌንቴ ሄኒል የመጡት ሽማግሌ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 1922 ምሽት፣ በስፔኗ ግራናዳ ከተማ፣ በአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ያለው አደባባይ የዘፈን ውድድር ሊያይ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ሴቶቹ ከአያቶቻቸው ዘመን የቀረ ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ለብሰዋል። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ግን ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው አንድ ደሃ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ዲዬጎ ቤርሙዴስ ነው፤ የሚያውቃቸው ሁሉ "ኤል ቴናሳስ" ይላቸዋል፣ ጉጠት እንደማለት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በጩቤ ተወግተው ሳንባቸው ስለተጎዳ መዝፈን ትተው ፑዌንቴ ሄኒል በምትባል ከተማ ተረስተው ይኖሩ ነበር። ወደ ግራናዳ የመጡትም ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው ነው ይባላል።

ዘፈኑ። በማግስቱ ሌሊት ዝናብ ሲወርድ ሕዝቡ ወንበሩን አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋ እንጂ ወደ ቤቱ አልሄደም። ውድድሩ ሲያበቃ የ1,000 ፔሴታው ሽልማት ለሽማግሌው ተሰጠ።

ድግሱን የደገሱት በዚህ ዘፈን ፍቅር የተያዙ ሰዎች ናቸው። ከፊት የቆሙት የካዲዙ ተወላጅ የሙዚቃ ደራሲ ማኑዌል ዴ ፋያ እና የ24 ዓመቱ ገጣሚ ፌደሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ነበሩ። ሁለቱም "ካንቴ ሆንዶ"፣ ማለትም ጥልቁ የፍላሜንኮ ዘፈን፣ ሊሞት ነው ብለው ፈርተዋል። ገዳዮቹ ደግሞ በእነሱ ግምት የከተማ ካፌዎችና ቲያትር ቤቶች ናቸው፤ ዘፈኑን ለገንዘብና ለጭብጨባ ሸጠውታል። ስለዚህ በዘፈን እንጀራ የሚበላ ሰው እንዳይወዳደር ከለከሉ። የፈለጉት ከገጠር፣ ከማሳና ከማዕድን ጉድጓድ የሚመጣ ያልተበረዘ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ሲዘፍኑ ያንን ድምፅ ያገኙ መሰላቸው።

ግን ሽማግሌው ዘፈኑን ከማን ተማሩት? የፍላሜንኮ ታሪክ አስገራሚነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ ከሂታኖዎች መንገድ ይጀምራል። ከሕንድ ተነሥተው አውሮፓን ያቋረጡት እነዚህ ተጓዦች ወደ ኢቤሪያ ምድር መድረሳቸው በጽሑፍ የሚታወቀው በ1425 ነው፤ የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ "ከትንሿ ግብጽ" መጣሁ ላለ መሪያቸው የይለፍ ደብዳቤ ሰጠው። ሂታኖ የሚለው ስምም ከዚያው ከግብጽ ስም የወጣ ነው። እንግድነታቸው ግን ብዙ አልቆየም። በ1499 የወጣ የንጉሥ ሕግ በአንድ ቦታ ተቀምጠው ጌታ እንዲይዙ አለዚያ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከሁሉ የከፋው ቀን ሐምሌ 30 ቀን 1749 ነው። በዚያ ቀን የመንግሥት ወታደሮች በመላው ስፔን ሂታኖዎችን በአንድ ጊዜ ከየቤታቸው አፈሱ። የተያዙት ከ9,000 እስከ 12,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ወንዶቹ ወደ ባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያዎች ለግዳጅ ሥራ፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ደግሞ ለብቻ ወደ ሌላ እስር ቤት ተላኩ። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

ከእስር የተመለሱት በሴቪያው ትሪያና ሰፈር፣ በሄሬስና በካዲዝ የብረት ቀጥቃጭነት ሥራቸውን ቀጠሉ። "ማርቲኔቴ" የሚባለው የፍላሜንኮ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከመዶሻ ነው፤ ዛሬም ያለ ጊታር፣ በባዶ ድምፅ ይዘፈናል። ይሁን እንጂ ፍላሜንኮ የሂታኖዎች ብቻ ንብረት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የአንዳሉሲያ ገበሬ ዜማ፣ የሙስሊም ሙሮች ዘመን ትዝታ፣ በካዲዝ ወደብ በኩል ከአሜሪካና ከአፍሪካ የገባ ምት ሁሉ አለበት። ሂታኖዎቹ በዚህ ሁሉ ላይ የራሳቸውን ጉሮሮ ጨመሩበት።

ጉሮሮው ነው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው። የጠራ፣ የለሰለሰ ድምፅ አይደለም፤ ሻካራ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴ ከለቅሶ አይለይም። ዘፋኙ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት "አይ" እያለ ይቆያል። ቃል ሳይመጣ ዋይታው ይቀድማል፤ አንዷን ፊደል እየጎተተ፣ እየሰበረ፣ ወደ ላይ እያወጣ ወደ ታች ይጥላታል። እንጉርጉሮ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስፓኒሽ ባያውቅም ሐዘን እንደሆነ አይጠፋውም። ከሥር ያለው ምት ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። "ሶሌያ" በሚባለው ስልት ምቱ እስከ 12 ይቆጠርና ክብደቱ በ3፣ በ6፣ በ8፣ በ10 እና በ12 ላይ ያርፋል። መጀመሪያ በሦስት በሦስት እየተራመደ መጥቶ ድንገት በሁለት በሁለት ይጠብባል። ሰሚው ሳያስበው ትንፋሹን ይይዛል፤ ዘፋኙ ስንኙን ሲዘጋ ብቻ ይለቀዋል። "ኦሌ" የሚለው ጩኸት የሚወጣው ያኔ ነው።

ይህንን ዘፈን ከቀጥቃጮች ግቢ አውጥተው ለዓለም ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ ይባላል። ሂታኖ አልነበረም፤ ሴቪያ የተወለደ የጣሊያናዊ ልጅ ነው። በሞሮን ከተማ ልጅ ሳለ ልብስ ስፌት እንዲማር ቢሰጥም እሱ ግን የሂታኖዎቹ ብረት መቀጥቀጫ ደጃፍ እየቆመ ያዳምጥ ነበር። ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ ዓመታት ቆየ፣ በ1864 ተመለሰ፣ በ1881 ሴቪያ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የዘፈን ካፌ ከፈተ። በእነዚያ ካፌዎች ዘፋኝ፣ ጊታር መቺና ተወዛዋዥ በደመወዝ ተቀጠሩ። ስልቶቹ መልክ ያዙ፣ የጊታሩ ጥበብ አደገ፣ አንዱ የሌላውን ሰምቶ ተፎካከረ።

በዚያው በ1881 ሌላ የፍላሜንኮ ወዳጅ የዘፈኖቹን ግጥሞች ሰብስቦ አሳተመ። አንቶኒዮ ማቻዶ ኢ አልቫሬስ ነው፣ በብዕር ስሙ ዴሞፊሎ፤ የገጣሚዎቹ የአንቶኒዮና የማኑዌል ማቻዶ አባት። ስብስቡ እስከ ዛሬ የማይተካ ሥራ ነው። እሱም ግን ካፌዎቹ የሂታኖዎቹን ዘፈን ያጠፉታል ብሎ ሠግቶ ነበር። ከ41 ዓመት በኋላ ፋያና ሎርካ ያንኑ ሥጋት አነሡ።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ኤል ቴናሳስ የሞሮን ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በካፌ ዘፍነዋል፣ ግራናዳ ላይ ያሰሙትም የሲልቬሪዮን ዜማ ነው። ከካፌ ለመሸሽ በተደገሰው ውድድር ያሸነፈው የካፌው ባለቤት ውርስ ሆነ ማለት ነው። አብሯቸው የተሸለመው የ12 ዓመቱ ማኖሎ ካራኮልም ከታወቁ የዘፋኞች ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ አድጎ ከዘመኑ ታላላቅ ባለሙያዎች አንዱ ሆነ። የዳኞቹ ሰብሳቢ አንቶኒዮ ቻኮን ራሱ የካፌ መድረክ ያሳደገው ዘፋኝ ነበር። ፋያና ሎርካ ፍቅራቸው እውነት ነበር፤ የፈሩት ነገር ግን ልክ አልነበረም። ድህነት የወለደውን ዘፈን በሕይወት ያቆየው፣ ደሃው ዘፋኝ ለድምፁ ዋጋ የሚከፈለው ቦታ ማግኘቱ ነው።

ሎርካ ይህን በኋላ የተረዳው ይመስላል። በ1933 ቦነስ አይረስ ላይ ስለ "ዱዌንዴ" ባደረገው ንግግር ለምሳሌ ያነሣት ከልጅነቷ ጀምራ በካፌ መድረክ ያደገችውን ፓስቶራ ፓቮንን፣ "ላ ኒኛ ዴ ሎስ ፔይኔስ"ን ነው። ዱዌንዴ በስፔን ተረት ቤት ውስጥ የሚኖር ትንሽ መንፈስ ነው፤ በፍላሜንኮ ደግሞ ዘፋኙን ድንገት ይዞ ከራሱ በላይ የሚያዘፍነው ኃይል። ሎርካ እንደተረከው ፓስቶራ አንድ ሌሊት በካዲዝ መጠጥ ቤት በሚያምር ድምፅ፣ በሙሉ ችሎታዋ ዘፈነች። አንድም ሰው አልተነካም። አንድ አጭር ሰው እንዲያውም አላገጠባት። ብድግ አለች፤ ትልቅ ብርጭቆ ብርቱ አረቄ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች፤ በተቃጠለ ጉሮሮ፣ ድምፅ ሳይኖራት፣ ማማሩን ረስታ ዘፈነች። ያን ጊዜ ሰሚዎቿ ልብሳቸውን ቀደዱ። የፓስቶራ የድምፅ ቅጂዎች በ1999 በአንዳሉሲያ መንግሥት የባህል ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ሸክላ በሰው ልጅ ጉሮሮ ምክንያት እንዲህ ሲከበር ደስ ይላል።

ፍቅሩ ከስፔን ወጥቶም ሰው ይዟል። በ1915 ፋያ ለሂታኖዋ ተወዛዋዥ ለፓስቶራ ኢምፔሪዮ የጻፈውን "ኤል አሞር ብሩሆ" የተባለ የሙዚቃና የውዝዋዜ ሥራ በ1925 ፓሪስ ላይ ወደ መድረክ የመለሰችው "ላ አርጀንቲና" የምትባለው አንቶኒያ ሜርሴ ነበረች። ይህች ሴት ፍላሜንኮውንም ሌላውንም የስፔን ውዝዋዜ ይዛ ዓለምን ዞረች፤ በ1929 ቶኪዮ ደረሰች። በቲያትር ቤቱ ላይኛው ፎቅ፣ ከመድረክ በጣም ርቆ ከተቀመጡት መካከል ካዙዎ ኦኖ የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ተማሪ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አላያትም። እሷ ሐምሌ 18 ቀን 1936፣ የስፔን እርስ በርስ ጦርነት በፈነዳበት ሰሞን፣ በፈረንሳይዋ ባዮን ከተማ ሞተች። በወሩ ሎርካ ግራናዳ አጠገብ ተረሸነ።

ኦኖ ወታደር ሆኖ ዘመተ፣ ተማረከ፣ ተመለሰ፣ ዳንሰኛ ሆነ፣ አረጀ። አንድ ቀን በሥዕል ትርኢት ላይ አንድ ሸራ ፊት ቆሞ ሳለ ላ አርጀንቲና ከሥዕሉ ውስጥ የወጣች መሰለው። በ1977፣ በ71 ዓመቱ፣ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ የሴት ቀሚስ ለብሶ "ላ አርጀንቲናን ማድነቅ" የተባለውን ውዝዋዜ ለቶኪዮ ሕዝብ አቀረበ። የእሷን እርምጃ አልገለበጠም፤ የተወዛወዘው ከፎቁ መቀመጫ ያየውንና 48 ዓመት የተሸከመውን ነው። በ1980 ያንኑ ቀሚስ ይዞ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ናንሲ ከተማ ሄደና ላ አርጀንቲናን ወደ አውሮፓ መድረክ መለሳት።