የዱቤ መዝገብና የማይሞተው እንስሳ፦ ስለ መርካቶ የንግድ ታሪክ ምንጮች

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

በማስታወቂያው ላይ የመርካቶን ስም አይታችሁ የመጣችሁ ትበዛላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ወደ መርካቶ እንሄዳለን። መንገዳችን ግን ትንሽ ጠመዝማዛ ነው፤ የሚጀምረው ከአንድ የልጆች ጨዋታ ነውና እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው በምርምር ዘዴ ሴሚናራችን ላይ ነው። ስለ ገበያዎች አመሠራረት ስንወያይ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ሰዎቹ ሳይተያዩ የሚገበያዩበት ቦታ ገበያ ይባላል?» አለችኝ። ምሳሌ ስጠይቃት ውጭ አገር ያደጉ የአክስቷ ልጆች ያስተማሯትን ኒዮፔትስ የተባለ ጨዋታ ጠቀሰች። በኮምፒዩተር መስኮት ውስጥ የሌለ እንስሳ ታሳድጋለህ፤ ለእንስሳው ምግብ ትገዛለህ፤ ገንዘብ ሲያጥርህ ሱቅ ከፍተህ ትሸጣለህ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን እቤቴ ድረስ ተከተለኝ። በዚያው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ ከተማ፣ ከሰባተኛ ብዙም በማይርቅ የኮምፒዩተር ጽሑፍና የኢንተርኔት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ተመዘገብሁ። የትውልድ ዘመኔን ስሞላ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት አሻግሮ አየና ፊቱን አዞረ። ለእንስሳዬ የመረጥሁት ስም ሁሉ በሌላ ተጫዋች ተይዞ ነበር፤ በመጨረሻ «ድርማግ» የሚለውን በላቲን ፊደል ብጽፍ ተቀበለኝ። ለምን ይህን ስም እንደመረጥሁ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለማታውቁት ጥቂት ስለ ጨዋታው ዘር ልናገር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 የጃፓኑ ባንዳይ ኩባንያ ታማጎቺ የተባለች፣ የእንቁላል ቅርጽ ያላት፣ በእጅ የምትያዝ መጫወቻ አወጣ። በትንሿ መስታወት ውስጥ ያለው ፍጥረት በሰዓቱ ካልተመገበና ካልጸዳ ይሞታል። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሰዎችን አስቆ በሚያሳስበው የኢግ ኖቤል የቀልድ ሽልማት፣ የመጫወቻዋ ፈጣሪዎች አኪ ማይታና አኪሂሮ ዮኮይ የኢኮኖሚክስ ተሸላሚ ሆኑ፤ ምክንያቱም ሚሊዮኖች የሥራ ሰዓት በሌለ ከብት እርባታ ላይ እንዲውል አድርገዋል ተባለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 ደግሞ አዳም ፓወልና ዶና ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወጣቶች ኒዮፔትስን በድረ ገጽ ከፈቱ። በ2005 ቫያኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ160 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ይህ ከታማጎቺ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ እንስሳው አይሞትም። ቢራብ «እየሞተ ነው» የሚል ቃል ይጻፍበታል፤ ዓመት ብትተወው ግን እየሞተ ይኖራል እንጂ አይሞትም። ሁለተኛ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

በእህል በረንዳ አካባቢ ላደግን ልጆች እንስሳ ማለት በመጀመሪያ አህያ ነበር፤ ጭነቱን አራግፎ፣ ጀርባው ላልቶ፣ ከመኪና ጋር እየተጋፋ የሚመለስ አህያ። የማይሸከም፣ የማይታረድ፣ ቤት የማይጠብቅ እንስሳ ለመመገብ ገንዘብ ማውጣት ለእኔ ከባድ ነበር። ለዚህ ይሆናል ድርማግን ቶሎ ትቼ ወደ ገበያው የሸሸሁት።

ገበያውስ? ባንክ አለ፤ ወለድ ይከፍላል። የአክሲዮን ገበያ አለ። ለድሃ ተጫዋች እንስሳ በነፃ ሾርባ የሚሰጥበት ቤት አለ። ዕቁብ ግን የለም። ይህን ስታዘብ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ቁም ነገሩ እዚያ እንደሆነ አምናለሁ።

ጨዋታው ሁለት ዓይነት ሱቅ አለው። አንደኛው በማሽኑ የሚተዳደር ነው፤ ባለሱቁ ሥዕል ነው። ዕቃ ስትመርጥ ዋጋ ይጠራል፤ አንተ ዝቅ ታደርጋለህ፤ እሱ ትንሽ ይቀንሳል፤ እንደገና ትጨምራለህ። ይህን የመጀመሪያ ቀን ሳይ «አገሬ ገባሁ» አልሁ። ክርክር አለ! ነገር ግን ዕቃው መደርደሪያው ላይ በወጣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ ዋጋ ያለው ከሆነ፣ ሌላ ተጫዋች ይነጥቅሃል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አይከራከሩም፤ ጣት ቶሎ የሚመታውን ቁጥር፣ አንድ ሁለት አንድ ሁለት እያሉ፣ ጽፈው ይከፍላሉ። እንዲያውም ዋጋህን ለማቅረብ በአንዲት ሥዕል ላይ በጣም ጨለማውን ነጥብ ፈልገህ መንካት አለብህ፤ ሰው እንጂ ማሽን አለመሆንህን ለማረጋገጥ ነው። ሥዕል የሆነው ባለሱቅ ሰው መሆኔን ሲጠይቀኝ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሁለተኛው ዓይነት ሱቅ የተጫዋቾች ነው። እዚያ ከሰው ትገዛለህ፤ ዋጋው ግን ቁርጥ ነው። የሱቅ ጠንቋይ የሚሉት መፈለጊያ ርካሹን ዋጋ አውጥቶ ያሳይሃል፤ ከፍለህ ትወጣለህ፤ የሸጠልህን ሰው ስም እንኳ ሳታነብ። ዕቃ በዕቃ የሚለወጥበት ሌላ ቦታ አለ፤ እዚያ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል፤ ግን መቀበል ወይም መጣል ነው እንጂ ንግግር የለበትም።

እንግዲህ ተማሪዬ ለጠየቀችው የደረስሁበት መልስ ይህ ነው። በዚያ ገበያ ክርክሩ ከማሽን ጋር፣ ቁርጥ ዋጋው ከሰው ጋር ነው። በመርካቶ ተገላቢጦሽ ነው። የመርካቶ ክርክር ዋጋን ብቻ አይፈልግም፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜውም ራሱ ዕቃ ነው። «የመጨረሻው ስንት ነው?» «አያዋጣኝም፤ ዞረህ ና።» ዞሮ የሚመጣው ሰው ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው፤ ባለሱቁ ፊቱን አውቆታል። በሦስተኛው ጊዜ ደንበኛ ይባላል። ደንበኛ ከሆነ ዱቤ ይቻላል፤ ዱቤ ከከፈለ ዕቁብ ይገባል። የመርካቶ ካፒታል የተከማቸው በአብዛኛው በዚህ ደረጃ ነው። ኒዮፔትስ ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ ተቀርጿል፤ የሚያደርስበት ቦታ ግን የለም።

አሁን ወደ ምንጮቹ ልግባ። የአዲስ አበባ ዋነኛ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ከተማዋን በዘር ለመክፈል ሲነሡ፣ አራዳን ለአውሮፓውያን አድርገው ለአገሬው ሰው የተለየ ገበያ በምዕራብ በኩል ቀየሱ። አዲስ ከተማ የሚለው ስምም፣ መርካቶ የሚለው የጣሊያንኛ ቃልም፣ እስከ ዛሬ የምናየው ቀጥ ያለ የመንገድ አቀማመጥም ከዚያ ነው። ለመለየት የተቀየሰው ገበያ ከነጻነት በኋላ አገሩን ሁሉ ሰበሰበ። እስከዚህ ያለው ታሪክ በፕላንና በሰነድ ይገኛል። ከዚያ በፊት ለነበሩት ገበያዎች ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ውስጥ ከተጓዦች ማስታወሻ የለቀሙትን ዋጋ ታገኛላችሁ፤ አሞሌው ስንት፣ የማርያ ትሬዛ ብር ስንት እያሉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ሱቆቹ ፋይል ተከፈተላቸው። ስለዚህ ዋጋ አለን፤ ቦታ አለን፤ የቤት ቁጥር አለን። ዱቤው የት አለ? ማን ማንን አመነ? ስንት ጊዜ ዞሮ መጣ? እኛ የምናስተምረው የመርካቶ ታሪክ ከኒዮፔትስ ሁለተኛው ሱቅ ጋር ይመሳሰላል፤ ዋጋው ተለጥፏል፤ ሰውዬው የለም።

ለፈተናና ለጥናት ጉዞ ስል ጨዋታውን አራት ወር ያህል ትቼው ነበር። ስመለስ ድርማግ እየሞተ ነው፤ አልሞተም። ሱቄን ስከፍት የሽያጭ ታሪክ የሚል ገጽ አገኘሁ። የሸጥሁት ዕቃ ሁሉ፣ ቀኑ፣ የገዢው መጠሪያና ዋጋው ተራ በተራ ተደርድሯል። እኔ ራሴ ካልሰረዝሁት በቀር ማንም አይነካውም። በመርካቶ ላይ ለሚሠራ የታሪክ ሰው እንዲህ ያለ ገጽ የሕልም እንጀራ ነው። ያን ምሽት ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ብዙ ተቀመጥሁ።

አባቴ ድር ተራ ክር ይሸጥ ነበር። የዱቤ መዝገቡ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በሰማያዊ ቀለም የተሠመረ ደብተር ነበር፤ አንዱ ሲሞላ ሌላ ይገዛል። ስም ብዙ አይጽፍም። «ባለ ባርኔጣው»፣ «የወሊሶው»፣ «እናቷ የሞተችባት» ይላል። ከፍሎ የጨረሰ በአንድ መሥመር ይሰረዛል። ያልከፈለና አባቴ የተወለት ደግሞ በሁለት መሥመር ይሰረዛል። ይህን ልዩነት የነገረኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እኔም በልጅነቴ ሰምቼ አለፍሁት። ሲያርፍ እኔ የዶክትሬት ጽሑፌን ለመጨረስ ሮም መዝገብ ቤት ውስጥ ነበርሁ፤ የጣሊያን ሹማምንት ስለ ሲራራ ነጋዴዎች የጻፉትን ደብዳቤ በአቧራ ውስጥ እያነበብሁ። ለአርባው ስመለስ ሱቁ ተላልፎ ነበር። ደብተሮቹን ቆራሌው በኪሎ ወስዷቸዋል። ያገለገለ ወረቀት በዚያ ዘመን ቅመም መጠቅለያ ነበር። እኔም ሰምቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላዘንሁም። እንደ ምንጭ አልቆጠርሁትም ነበርና። የእንስሳዬ ስም ከዚያ ሱቅ ነው።

እንግዲህ «ነጋዴዎቹ መዝገባቸውን ይስጡን፤ እናስቀምጥላቸው» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ነጋዴው መዝገብን የሚያየው እንደኛ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የተነሣውን ቅሬታና የተዘጉትን ሱቆች ታስታውሳላችሁ። በ2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት እንዲሁ የተዘጋ ሱቅ ብዙ ነበር። የተጻፈ ነገር ሁሉ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ይህ የኋላ ቀርነት ፍርሃት አይደለም። ሁሉን የሚመዘግበው ኒዮፔትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰብሮ የ69 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎች መረጃ እንደተሰረቀ ተዘግቧል። ማሽን ላይ መኖሩም ዘላለማዊ አያደርገውም፤ በ2020 መጨረሻ አዶቤ ፍላሽ የተባለውን መሣሪያ ሲያቆም በጨዋታው ውስጥ የነበሩ ብዙ ነገሮች በአንድ ጊዜ ደነዘዙ፤ አንዳንዶቹን በኋላ በሌላ ዘዴ መልሰው አስነሷቸው። የእኛው ወረቀት ደግሞ እሳት አለበት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነው ሁላችን ነን። ከዚያ በኋላ ካነጋገርኋቸው አንዱ ነጋዴ «ዕቃውስ ይተካል፤ ማን ምን እንዳለበት የሚያውቀው ደብተሬ ነበር» አለኝ። ደብተሩ ከነደደ በኋላ ሦስት ባለዕዳዎች በራሳቸው መጥተው እንደከፈሉትም ነገረኝ። ስንት እንደቀሩ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሰኔ የአባቴ ጎረቤት የነበሩትን አንድ አዛውንት ፈልጌ አገኘኋቸው። አሁን ሱቁን ልጃቸው ይሠራል፤ እሳቸው በር ላይ ወንበር ይዘው ይውላሉ። ማንነቴን ስነግራቸው አልተደነቁም። «ያ ሮም የነበረው ነህ» አሉኝ። ደብተራቸውን ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ታነባለህ፤ ፎቶ አታነሣም» አሉ። ተስማማሁ። እኔ ስገልጥ እሳቸው እያንዳንዱን ቅጽል ስም ፈቱልኝ፤ ይኼ ሞቷል፣ ይኼ አሜሪካ ነው፣ ይኼ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል እያሉ። አንድ ገጽ ላይ በሁለት መሥመር የተሰረዘ አየሁና ትርጉሙን ጠየቅኋቸው። «ይኼን ካባትህ ነው የተማርሁት» አሉኝ፤ ገጹንም ገለጡት።

ከእሳቸው ጋር እስካሁን አምስት ቅዳሜ ተቀምጫለሁ። ተማሪዬም ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምራ አብራኝ ትመጣለች፤ እሳቸው የፈቀዱትን ብቻ በእጇ ትጽፋለች። ሰዓታችን አልቋል፤ ጥያቄ ያላችሁ ወደ ማይክሮፎኑ ቅረቡ።