ሴባስቶፖልና ትንሿ ስልኬ

"ቲቸር፣ ምነው ትንሽ ስልክ ገዙ?" ላላችሁኝ ተማሪዎቼ መልሱ ያለው እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡም ሠራዊቱም መንገድ እየጠረጉ፣ ለወራት እየጎተቱ መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ 6 ግን መድፉ መቅደላን አላዳናትም፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ኩራታችን ነው፣ ክብሩን አልነካም። ግን አንድ ነገር አስተማረኝ፦ መሣሪያ የሚመዘነው በሚሰጠው ብቻ ሳይሆን እሱን ለመጎተት በሚከፈለውም ነው። በትልቁ ስልኬ ማታ ማታ ቪዲዮ ሳይ፣ ልጄ "አባዬ" ብላ ሦስቴ መጥራት ነበረባት። ይቺኛዋ ትደውላለች፣ ቴሌብር ትከፍታለች፤ ቪዲዮ ላይ ትንቀራፈፋለች፣ እኔም እተወዋለሁ።

ስልክ ስትገዙ "ስንት ጂቢ ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ማን ማንን ሊጎትት ነው?" በሉ።