«ሙት» እና «ተለዋዋጭ»

ረስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ሙት» የምትባል ቃል አለች። ለአማርኛ ጆሮ የሞተ ነገር ትመስላለች፤ ሥሯ ግን የላቲኑ «መለወጥ» ነው። እሷ ካልተጻፈች በዙር ውስጥ 1፣ 2፣ 3 እያልን የምናሳድገውን ቆጣሪ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አይቀበለውም። ቆጣሪው ዋጋ የሚይዝ ስም፣ ማለትም «ቫሪያብል» ነው፤ ያለ «ሙት» ግን አይለወጥም። ታዲያ «ቫሪያብል»ን ሁሉ «ተለዋዋጭ» ካልን፣ «የማይለወጥ ተለዋዋጭ» ልንል ነው። በጎጃም ዲማ የሚማር የቅኔ ተማሪ የ«ተለዋዋጭ»ን ግስ በግእዝ «ወለጠ» ብሎ ያወርደዋል፤ አማርኛ ፊደላቱን አቀያይሮ «ለወጠ» አለ። «ተለዋወጠ» ደግሞ መደጋገምን ይጨምርበታል፤ ለዙር ቆጣሪ የሚስማማውም እሱ ነው። ስለዚህ «ቫሪያብል»ን «ያዥ»፣ «ሙት» ያለበትን «ተለዋዋጭ ያዥ»፣ የሌለበትን «ጽኑ ያዥ» እንበል። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆቻችን ልዩነቱን ከስሙ እንዲረዱት ይገባቸዋል።