ባሕሩን የቆጠረው ማነው?

ጁላይ 2 ቀን 1992 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የካናዳ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር የነበሩት ጆን ክሮዝቢ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ባሕር ላይ ኮድ የሚባለው ዓሣ እንዳይጠመድ አገዱ። እገዳው ለሁለት ዓመት ነው ተባለ። በዚያ አንድ አዋጅ 30,000 ያህል ሰው ሥራ ፈት ሆነ። ክሮዝቢ ራሳቸው የደሴቲቱ ተወላጅ ነበሩ፤ በዋዜማው ቤይ በልስ በምትባል የአጥማጆች መንደር ሕዝቡ ከቦ ሲያፋጥጣቸው፣ ዓሣውን ከባሕር ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ብለው በቁጣ መለሱ።

እውነታቸውን ነው። ታዲያ ማን አወጣው? ደግሞስ 500 ዓመት ሲበላ የኖረ ዓሣ እንዴት ማንም ሳያውቅ ያልቃል? ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ሰው ያውቅ ነበር። ያወቁት ሰዎች ግን እንዲቆጥሩ አልተጠየቁም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ከደሴቲቱ በስተደቡብ ምሥራቅ ግራንድ ባንክስ የሚባል ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ የባሕር ወለል አለ። በ1497 ጆን ካቦት ለእንግሊዝ ንጉሥ ሲቀዝፍ እዚያ አካባቢ ደርሶ ተመለሰ፤ ዓሣው በመረብ ብቻ ሳይሆን በቅርጫት ይቀዳል የሚል ወሬም በአውሮፓ ተዛመተ። ባስኩ፣ ፖርቱጋሉ፣ ፈረንሳዩ፣ እንግሊዙ ተከታትሎ ጎረፈ። ዓሣው በጨው ታሽቶ እንደ ቋንጣ ይደርቅና ውቅያኖስ ይሻገራል። የካቶሊክ ጾመኛ ሥጋ ቢተው ዓሣ አይተውምና ገበያው የደራ ነበር። ምርጡ ወደ አውሮፓ ሲሄድ፣ የተበላሸውና የተሰባበረው በካሪቢያን የስኳር እርሻዎች ላይ ለሚማቅቁት ባሮች ቀለብ ይላክ ነበር። ዓሣ አጥማጁም ቢሆን ከዕዳ ነጻ አልነበረም። ነጋዴው በጸደይ ጨውና ዱቄት፣ መንጠቆና ገመድ በዱቤ ይሰጠዋል፤ በመከር ዓሣውን ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይረከበዋል። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ሳይገባ ዓመት ይመጣል፣ ዓመት ይሄዳል።

በ1883 ለንደን ላይ በተከፈተው የዓሣ ሀብት ኤግዚቢሽን፣ ስመ ጥሩው ቶማስ ሐክስሊ ታላላቆቹ የባሕር ዓሦች የሚያልቁ አይመስለኝም ብሎ ተናገረ። ዛሬ እንሳቅበት ብንል ቀላል ነው። ሆኖም ሐክስሊ የተናገረው በዘመኑ መንጠቆና መረብ ልክ ነበር፤ ያን ጊዜ ባሕሩን የሚጠብቀው የሰው ክንድ መድከሙ ነው። ክንዱ በ1954 ተለወጠ። በዚያ ዓመት እንግሊዞች ፌርትራይ የተባለችውን መርከብ ሠሩ፤ ግዙፍ መረብ በባሕር ወለል ላይ ትጎትታለች፣ ያወጣችውን እዚያው ሆድዋ ውስጥ ትቆራርጣለች፣ ታቀዘቅዛለች። የባሕር ላይ ፋብሪካ ማለት ነች። ሶቭየት ኅብረት፣ ሁለቱም ጀርመኖች፣ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ፖላንድ ተከተሉ። (እዚህ ላይ ሶሻሊስቱና ካፒታሊስቱ ባይስማሙም የሁለቱም መረብ ያው መረብ ነበር።) በ1968 ከዚህ ከሰሜኑ ኮድ ብቻ 800,000 ቶን ያህል ወጣ። ከዚያ በፊትም በኋላም ይህን ያህል ወጥቶ አያውቅም። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 140,000 ቶን ወረደ።

በዚያው በ1968 ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር፣ የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ በተጠቃሚዎቹ ስስት ይጠፋል የሚል ዝነኛ መጣጥፍ አወጣ። ባሕርንም በምሳሌነት ጠቅሷል። እኔ በዚህ አልስማማም። የኒውፋውንድላንድ መንደሮች ባሕሩን በጋራ ሲጠቀሙበት የኖሩት ያለ ሕግ አልነበረም። በበጋ ኮዱ ካፕሊን የምትባለውን ትንሽ ዓሣ ተከትሎ ወደ ዳር ሲመጣ፣ የመረብ ወጥመድ የሚተከልባቸውን ቦታዎች በብዙ መንደሮች በዕጣ ይከፋፈሉ ነበር። ዕጣው ያልወጣለት ዘንድሮን ይታገሣል። ሕግ አልባው ማዶ፣ ከጥልቁ የሚጎትተው ነው።

በ1977 ካናዳ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ያለውን ባሕር የራሴ ነው አለች። የባዕድ መርከቦች አብዛኞቹ ወጡ፤ ደስታ ሆነ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ባዶውን ቦታ የአገሬው ኩባንያዎች በመንግሥት ድጋፍ በራሳቸው ጎታች መርከቦች ሞሉት። ስህተቱም የገባው እዚህ ነው።

ሣይንቲስቶቹ የዓሣውን ብዛት ሲገምቱ ሁለት ነገር ይመለከቱ ነበር። አንደኛው የምርምር መርከብ በየዓመቱ ልዩ ልዩ ቦታ መረብ ጥሎ የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው፣ የኩባንያ መርከብ በአንድ ሰዓት ጉተታ ስንት ቶን አወጣ የሚለው ነው። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ክብደት ነበረው። ኮድ ግን ሲያንስ የቀረው ባንድ ላይ ይሰበሰባል። መርከበኛውም በድምፅ የሚያስስ መሣሪያ ስላለው ቀጥ ብሎ እዚያው ክምችት ላይ ይሄዳል፤ መረቡ ዛሬም እንደ ትናንቱ ይሞላል። ይህ እኮ የገበያውን ሰው ለመቁጠር ጠጅ ቤት ገብቶ እንደ መቁጠር ነው! ገበያው ቢበተንም ጠጅ ቤቱ ሙሉ ነው።

የዳር አጥማጁ ግን ዓሣውን አያሳድደውም፤ ወጥመዱን ተክሎ ይጠብቃል። ስለዚህ መቅረቱን በመጀመሪያ ያየው እሱ ነው። በ1980ዎቹ ዓሣው አነሰ፣ የሚመጣውም ደቃቃ ሆነ እያለ ጮኸ። ሰሚ ሲያጣ ማኅበር አቋቁሞ የራሱን ባለሙያዎች ቀጠረ፤ በ1986 እነሱም የመንግሥቱ ግምት የተጋነነ ነው አሉ። መልሱ፣ የናንተ ወሬ ነው፣ የኛ ቁጥር ነው የሚል ዓይነት ነበር። በ1989 ራሳቸው የመንግሥቱ ሣይንቲስቶች ደንግጠው ኮታው ወደ 125,000 ቶን ይውረድ ሲሉ፣ ሚኒስቴሩ 235,000 ፈቀደ። ፋብሪካ ይዘጋል፣ ሰው ሥራ ያጣል ተብሎ ነው። ሥራውን ለሦስት ዓመት አቆዩለት።

በርግጥ የባሕሩ መቀዝቀዝም የራሱ ድርሻ አለው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ አቆስጣዎች በሉት የሚልም አልጠፋም። ይሁን እንጂ ብርዱ በቀደሙት ዘመናትም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ጎታቹ መርከብ ነው።

ሁለት ዓመት የተባለው እገዳ 32 ዓመት ፈጀ። ብዙ ወጣት ደሴቲቱን ለቆ ሄደ፤ የቀረው ከፊሉ ወደ ሸርጣንና ሽሪምፕ ዞረ፤ እንዲያውም እነዚህ ከኮዱ የበለጠ ገንዘብ አስገኙ። ገንዘቡ ግን በየመንደሩ ላለው ሁሉ አልዳረሰም። በጁን 2024 የካናዳ መንግሥት እገዳው ተነሣ ብሎ 18,000 ቶን ፈቀደ። ከዚህ ላይ ለትልልቆቹ ጎታች መርከቦች ድርሻ ተሰጠ፤ ለባዕድ መርከቦችም ጥቂት ተቆረሰ። የዳር አጥማጆቹ ማኅበር ውሳኔውን ተቃወመ፤ የተቃወመበትም ምክንያት ያው የጎታቾቹ መመለስ ነበር።