አንቴና አከፋፋይ፦ አንድ አንቴና ለብዙ ሪሲቨር

መልቲኮፕለር አንድ አንቴና የያዘውን የሬዲዮ ምልክት ተቀብሎ፣ ሳያዳክም ለብዙ ሪሲቨሮች የሚያድል መሣሪያ ነው። በአማርኛ «አንቴና አከፋፋይ» ብንለው ይስማማዋል። «አካፋይ» የሚለውን ለታናሽ ወንድሙ ለስፕሊተር እንተወው፤ እሱ ያለውን ቆርሶ ከመስጠት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

የመሣሪያው ጥቅም በደንብ የሚታየው ገመድ አልባ ማይክሮፎን በሚበዛበት አዳራሽ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳና ጣሪያ ላይ እየነጠረ አንዳንድ ቦታ ራሱን በራሱ ስለሚያጠፋ፣ ደህና የሚባል ሪሲቨር ሁለት አንቴና ይዞ በየቅጽበቱ የተሻለውን ይመርጣል። ስምንት ማይክሮፎን ካለ እንግዲህ 16 አንቴና አንድ መደርደሪያ ላይ ተጠጋግቶ ይቆምና እርስ በርሱ ይረባበሻል። አከፋፋይ ካለ ግን ሁለት ብቻ ይበቃሉ፤ እነሱንም መድረኩን ፊት ለፊት በሚያይ ቦታ መትከል ይቻላል።

ገመዱን ልጦ ለሁለት መቀጠልስ? አንቴናው፣ ገመዱና ሪሲቨሩ የሚስማሙት እያንዳንዳቸው 50 ኦም ሲሆኑ ነው። ሁለት ሪሲቨር ጎን ለጎን ሲታሰር 25 ኦም ይሆንና የምልክቱ ከፊል ወደ መጣበት ይመለሳል። የአንዱ ሪሲቨር ኦሲሌተር (ውስጡ ያለው ሞገድ አመንጪ) የሚያፈሰው ምልክትም በገመዱ ተሻግሮ ሌላውን ይረብሻል። ስፕሊተር ይህን ያቃልላል። ሆኖም ለሁለት ሲከፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የኃይሉ ግማሽ ነው፤ 3 ዴሲቤል ይጎድላል። ለስምንት ሲከፍል የሚደርሰው አንድ ስምንተኛ ነው፤ ጉድለቱም 9 ዴሲቤል ይሆናል።

አከፋፋዩ ግን ከመክፈሉ በፊት ያጎላል። ነገሩ ሁሉ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማንኛውም ማጉያ የራሱን ጫጫታ ይጨምራል፤ ተከፋፍሎ የደከመ ምልክት በዚያ ጫጫታ ከተዋጠ በኋላ ቢያጎሉት አይመለስም። ማጉያው በተራው አጠገቡ ያለ ኃይለኛ ማሰራጫ ሲያጥለቀልቀው በአየር ላይ የሌሉ ምልክቶችን ይፈጥራል። ስለዚህ ከፊቱ ማጣሪያ ይቀመጣል። እኔ ብሆን ዕቃውን ስገዛ ከመውጫው ብዛት በፊት የምጠይቀው ስለ ማጣሪያው ነው። ከ30 ሜጋኸርዝ በታች አጭር ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ግን ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ እዚያ ከአየር የሚመጣው ጫጫታ ከሪሲቨሩ ስለሚበልጥ ርካሹ ስፕሊተር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

የሳተላይት ዲሽ ነገር ሌላ ነው። ሪሲቨሩ በገመዱ 13 ወይም 18 ቮልት ዲሹ ላይ ወዳለው መቀበያ (ኤልኤንቢ) እየላከ ቋሚውን ወይም አግድሙን ሞገድ ያስመርጣል። ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ መውጫ ተካፍለው አንዱ በቋሚው፣ ሌላው በአግድሙ ሞገድ ያለ ጣቢያ ሲከፍቱ የአንዱ ትእዛዝ የሌላውን ይሽራል። የሚያስፈልጋቸው ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ነው።

አከፋፋይ የተሠራው ለመቀበል ብቻ መሆኑን አይርሱ። 5 ዋት የሚያወጣ የመገናኛ ሬዲዮ አስረው ቢናገሩበት ማጉያው ሊቃጠል ይችላል።