ሙሴ ኢልግ ያወቀውን ፓሪስ አላወቀችም

ከውጭ ኩባንያ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች በሚሰጥ «የባህል ሥልጠና» ላይ አንድ ቀን ተቀምጬ ነበር። ቢዝነስ ካርድ በሁለት እጅ ተቀበሉ። አለቃን በሰው ፊት አታርሙ። ሐበሻ «እሺ» ሲል ሰምቻለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ተስማምቻለሁ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ጥሩ ነው፣ ማወቁ አይከፋም። ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ለቡ ያለውን የባቡር ጣቢያ ሳይ ትዝ ያለኝ የመጀመሪያው ባቡራችን ነበር። እሱን ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ያስቆመው የሰላምታ ስህተት አልነበረም።

ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ የኛ ሰዎች «ሙሴ ኢልግ» የሚሉት፣ አንኮበር የደረሰው በ1871 ዓ.ም ነው። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር ተብሎ ይተረካል። «እኔ መሐንዲስ ነኝ» ብሎ አልኮራም፣ ሠራ። (ከ136 ዓመት በኋላ ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ አምራች ለቡ ላይ የኢንዱስትሪ ከተማ መሠረት ጣለ። ጫማ በታሪካችን ውስጥ የማይገባበት የለም።) አማርኛ ተማረ፣ ለቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ፣ ከዐድዋ ድል በኋላም የመንግሥት አማካሪ ሆነ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ አንድ ነገር እንዘላለን። ባህል አጥንቶ የተሳካለት ፈረንጁ ብቻ ተደርጎ ይወራል። ምኒልክም ፈረንጆቹን ያጠኑ ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ባሕሩን በያዙበት ዘመን፣ ባሕርም ቅኝ ግዛትም ከሌለው አገር የመጣ ሰው አጠገባቸው ማስቀመጣቸው እንዲያው የሆነ አይመስለኝም።

በመጋቢት 1886 ዓ.ም ምኒልክ ባቡር የመሥራቱን ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። የ99 ዓመት ውል ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፣ ስሙም የንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተባለ። «የኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ እንዳለ ልብ በሉ።

ችግሩ ገንዘብ ነበር። አክሲዮኑ እንደታሰበው አልተሸጠም፣ የእንግሊዝ ባለሀብቶች መግባት ጀመሩ፣ ፓሪስም ደነገጠች። በ1894 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. የካቲት 1902) ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረመ። መንግሥቱ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ሊደጉም፣ በምላሹም ኩባንያውን የመቆጣጠር ሥልጣን ሊያገኝ። በሂሳብ ሰው ዓይን ኩባንያውን ከውድቀት የሚያድን ውል ነው። ነገር ግን መስመሩ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት አልተጠየቁም።

ከዚያ በፊት በ13 ዓመት፣ በ1881 ዓ.ም፣ የውጫሌ ውል ተፈርሟል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል እንደነበር ሕፃን ልጅ ያውቃል። ያ ልዩነት ዐድዋ ድረስ አድርሷል። እንግዲህ እኚህ ንጉሥ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ከጀርባቸው ስለ መሬታቸው የተፈረመ ወረቀት ሲሰሙ ምን ሊሰማቸው ኖሯል? ይህን ለመገመት የባህል ሥልጠና አያስፈልግም። ፓሪስ ግን አልገመተችም።

ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ ድሬዳዋ ደረሰ። ምኒልክ በበዓሉ ላይ አልተገኙም፣ መስመሩም እንዲቀጥል አልፈቀዱም። የእንግሊዝና የጣሊያን ፉክክርም ነገሩን አወሳስቦታል፣ ሁሉንም በአንድ ቅሬታ ላይ መደፍደፍ ልክ አይሆንም። ያም ሆነ ይህ፣ አዲስ አበባ የማይደርስ ባቡር ትርፍ አልነበረውምና ኩባንያው ከሰረ። አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ኢልግም ሊያድነው አልቻለም። የእሱ እውቀት የእሱ ብቻ ነበር። ከኩባንያው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ አልደረሰም።

መፍትሔው የመጣው በ1900 ዓ.ም ጥር ላይ ነው። አዲሱ ፈቃድ የተሰጠው ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን ነበር። የጓድሎፕ ተወላጅ ጥቁር ሐኪም ነው፣ ምኒልክን ያክም ነበር። ከኋላው የፈረንሳይ ገንዘብ፣ የኢንዶቺን ባንክ፣ እንደነበረ ምኒልክ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ያው የፈረንሳይ ካፒታል ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ጉዳዩ በሚያምኑት ሰው በኩል፣ ፊት ለፊታቸው ቀርቦ መጠየቁ ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ፣ ምኒልክ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት የባቡር ሰው ፈረንሳይኛ ይናገር ነበር። «ለገሃር» የምንለውም «ላ ጋር»፣ ጣቢያው፣ ከሚለው የመጣ ነው።

ወደ ለቡ ልመለስ። አዲሱ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመረቀ። ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሠሩት፣ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤክሲም ባንክ በብድር መጣ። መደበኛ አገልግሎት በ2010 ዓ.ም ከጀመረ በኋላም ለስድስት ዓመት ያህል ያስተዳደሩት ቻይናውያን ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረከቡ። በዜና የሰማነው የርክክቡን ሥነ ሥርዓት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን የሠሩት ሾፌሮች፣ ቴክኒሻኖችና የጣቢያ ሠራተኞች፣ ቻይናዊው አለቃ ምን ሲሰማ እንደሚዘጋ፣ የትኛውን ጉዳይ ለቤጂንግ ሳይደውል እንደማይወስን፣ የኛስ ሰው የቱ ላይ እንደሚቀየም ያውቃሉ። ይህ እውቀት እንደ ኢልግ በጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ካለ፣ ቀጣዩን ውል የሚደራደረው ሰው ቢዝነስ ካርድ በሁለት እጅ ከመቀበል በቀር የሚያውቀው አይኖርም።

በዚህ ቻናል ውስጥ የባቡር ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስማችሁ አያስፈልግም። ያያችሁትን ጻፉልኝ።