አምበር ያመጣው ውሃ

በህንድ አገር፥ በማሃራሽትራ ውስጥ፥ ቀድሞ አውራንጋባድ ይባል የነበረ አውራጃ አለ። ምድሩ ጥቁር አፈር፥ ኮረብታውም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ በክረምት ብቻ ስለሚበረታ በበጋ ውሃ ይቸግራል። በዚያ በኤሎራ የቡድሃ፥ የሂንዱና የጃይን አማኞች ከአለት የፈለፈሏቸው 34 ዋሻዎች በአንድ ገደል ይገኛሉ፤ ካይላሳ የተባለው ቤተ መቅደስም እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው።

የአውራጃውን ዋና ከተማ በ1610 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቈረቈረው ግን የአገሩ ተወላጅ አልነበረም። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ፥ በባግዳድ አልፎ ደካን የደረሰ ማሊክ አምበር ነው። በአህመድናጋር መንግሥት ከወታደርነት እስከ እንደራሴነት ወጥቶ የሞጉልን ጦር ብዙ ዘመን መከተ። ለከተማውም ከተራራ ሥር በምድር ውስጥ ቦይ አስቈፍሮ ውሃ አመጣ። በ1626 ሞቶ በኩልዳባድ ተቀበረ።

ኋላ የሞጉሉ አውራንግዜብ ከተማዋን በራሱ ስም ጠራት፤ እርሱም በ1707 ሞቶ በዚያው በኩልዳባድ ተቀበረ። በ2023 ደግሞ የከተማዋም የአውራጃውም ስም ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የአውሮፓን ነገሥታት በቃሌ ያጠናሁ መምህር፥ የአምበርን ስም ለተማሪዎቼ አንድ ቀን እንኳ ሳልነግር ጡረታ ወጣሁ፤ ይጸጽተኛል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ያን ብላቴና የሸጡት ሰዎች ዋጋውን ያወቁ መስሏቸው ነበር። አንተ ግን በማንም ልጅ ላይ ዋጋ አትቍረጥ፤ የተናቀው ብላቴና ነገ የተጠማ ከተማ ያጠጣ ይሆናልና።